ቀድሞ መቀመጥ፦ በመፀው ወራት በባሕር ዳርቻ ፍልሰተኛ ወፎችን ስለ መመልከት

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፤

ወፍ መመልከት የጀመረ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የት ልሂድ?» ብሎ ነው። በባሕር ዳርቻ ግን ከ«የት» ይልቅ «መቼ» ይቀድማል። ጠዋት ጭው ብሎ ያያችሁት የጭቃ ሜዳ ከሦስት ሰዓት በኋላ ብዙ ሺህ ወፍ ሰፍሮበት ልታገኙት ትችላላችሁ። ወፎቹ ከሩቅ አልመጡም፤ ቀድሞም እዚያው ግድም ነበሩ፤ የተለወጠው ውሃው ነው። በመፀው ወራት ነገሩ ይብስ ይከብዳል፤ ዛሬ ያያችሁት ወፍ ነገ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ሊያድር ይችላል። ስለዚህ የንግግሬ ዋና ነገር አንድ ነው፦ ወፉን አትከተሉት፤ ሰዓቱን አውቃችሁ ቀድማችሁ ተቀመጡለት፤ እሱ ራሱ ወደ እናንተ ይመጣል።

ስለ ስም አንድ ነገር ላስቀድም። ከባሕር ወፎች ብዙዎቹ በአማርኛ የጸና፣ ለየብቻ የሚጠሩበት ስም የላቸውም። ንስር፣ ጭልፊት፣ ሽመላ፣ ዳክዬ ስንል እንግባባለን፤ ሌሎቹን በዓለም አቀፍ አጠራራቸው እየጠራሁ መልካቸውን ወይም ጠባያቸውን አብሬ እናገራለሁ። በጭቃና ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ እየተራመዱ የሚመገቡትን በጥቅሉ «የዳርቻ ወፎች» እላቸዋለሁ።

የወፎች መፀው የሰዎችን መፀው አይጠብቅም። በአርክቲክ ሜዳ የሚራቡት የዳርቻ ወፎች ለጎጆና ለጫጩት ያላቸው ጊዜ በጣም አጭር ነው። እንቁላሉ የጠፋበት ወፍ ሰኔ ሳያልቅ ፊቱን ወደ ደቡብ ያዞራል። ሐምሌ ላይ ጫጩት ያሳደጉት ወላጆች ይከተላሉ፤ በአንዳንድ ዝርያዎች እናትየዋ ጫጩቶቹን ለአባት ትታ ቀድማ ትነሣለች። ልጆቹ በብዛት የሚታዩት ከነሐሴ አጋማሽ ወዲህ ነው፤ ወላጆቻቸው ከሄዱ ከሳምንታት በኋላ፣ መሪ ሳይኖራቸው። ዝይና ክሬን እንዲህ አይደሉም፤ ልጆቻቸውን ይዘው በቤተሰብ ይጓዛሉ።

ያለ መሪ መጓዝ ምን ያህል እንደሚያስኬድ አንድ ወጣት ወፍ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ጀርባው ላይ ትንሽ የሳተላይት መሣሪያ የታሰረለት፣ የአምስት ወር ዕድሜ ያለው ባር ቴይልድ ጎድዊት፣ ረጅም ምንቃሩ ወደ ላይ ትንሽ የቀና የዳርቻ ወፍ፣ ከአላስካ ተነሥቶ አውስትራሊያ ውስጥ ታዝማኒያ እስኪደርስ 13,560 ኪሎ ሜትር በ11 ቀናት በረረ። በመካከል አልበላም፣ አልጠጣም፣ አላረፈም። ጎድዊት እንደ ዳክዬ ባሕር ላይ ተቀምጦ ማረፍ የሚችል ወፍ አይደለም።

እንዲህ ያለው ጉዞ በስብ ነው የሚሠራው። ከመነሣቱ በፊት ባሉት ሳምንታት አንድ የዳርቻ ወፍ ክብደቱን እጥፍ ሊያደርስ ይችላል። ሬድ ኖት የሚባለው፣ ዛጎል ለበስ እንስሳትን ከነልባሳቸው ውጦ በመቋደሻው፣ ማለትም ምግብ በሚፈጭበት ጡንቻማ ሆዱ፣ የሚፈጭ ወፍ፣ ለመብረር ሲቃረብ መቋደሻው ይኮማተራል፤ የደረቱ ጡንቻ ደግሞ ይደነድናል። ባዶ ሆኖ የሚሸከመውን ዕቃ እንደ መቀነስ ነው። ማረፊያ ቦታ ሲደርስ መቋደሻውን እንደገና መገንባት አለበት፤ እስኪገነባ ድረስ ጠንካራ ዛጎል መፍጨት አይሆንለትም፤ ያን ጊዜ ለስላሳ ምግብ ይፈልጋል። ይህን አስታውሱት፤ ከባሕር ዳርቻ የምናየው ወፍ ሲያዩት ዝም ብሎ የቆመ ቢመስልም አንድም እየበላ፣ አንድም የበላውን እያዳነ ነው። በማያስፈልግ ምክንያት ያስነሣነው ወፍ ያጠራቀመውን ስብ ያቃጥላል።

አሁን ወደ ውሃው። በብዙ የዓለም ዳርቻዎች ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። በአንዱ ሙላትና በሚቀጥለው መካከል 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ አለ፤ ስለዚህ የሙላቱ ሰዓት በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይገፋል። ዛሬ ማለዳ ያገኛችሁት ሙላት በሳምንቱ እኩለ ቀን ላይ ይሆናል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ፣ ወይም ከዚያ አንድና ሁለት ቀን ቆይቶ፣ ሙላቱ ከፍተኛ ጉድለቱም ጥልቅ ይሆናል። ጨረቃ በግማሿ ስትታይ ልዩነቱ ይጠባል።

ለተመልካች ይህ ምን ማለት ነው? ባሕሩ ሲጎድል ወፎቹ በሰፊው ጭቃ ላይ ተበትነው ይመገባሉ፤ ብዙ ጊዜ በቴሌስኮፕም ነጠብጣብ ናቸው። ሲሞላ ውሃው ከፊቱ እየገፋ ያመጣቸዋል። መልካሙ ጊዜ ሙላቱ ጫፍ ከመድረሱ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት በፊት ተቀምጦ መጠበቅ ነው። ጭቃው እየጠበበ ሲሄድ እየበሉ ይቀርባሉ፤ በመጨረሻ ወደ ማረፊያቸው፣ ወደ አሸዋ ምላስ ወይም ወደ ጨው ሣር፣ ተሰብስበው ይቆማሉ። ጫፉ ላይ ከደረሳችሁ ግን ዘግይታችኋል፤ ወፎቹ ራሳቸውን ክንፋቸው ውስጥ ቀብረው በአንድ እግር ቆመዋል፤ መጠጋትም ማስነሣት ነው። ጨረቃ በግማሿ ሳለች የሚመጣው ዝቅተኛ ሙላት ሌላ ችግር አለው፦ ጭቃው ሙሉ በሙሉ ስለማይሸፈን ወፎቹ የሚገፋቸው ሳይኖር ርቀው ይቀራሉ። ጀማሪዎች «ወፍ የለም» ብለው የሚመለሱት ብዙውን ጊዜ በዚህ ቀን ነው።

የሙላት ሰንጠረዥ ሲነበብ ሦስት ስሕተት ይዘወተራል። የመጀመሪያው የወደብ ስሕተት ነው፤ ሰንጠረዡ የተሠራለት ወደብና እናንተ ያላችሁበት የወንዝ አፍ በአንድ ሰዓት ሊለያዩ ይችላሉ። ሁለተኛው የሰዓት አቆጣጠር ነው፤ በበጋ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደ ፊት በሚገፉ አገሮች አንዳንዱ ሰንጠረዥ የበጋውን ለውጥ አይጨምርም። ሦስተኛው አየሩን መርሳት ነው፤ የአየር ግፊት በ1 ሄክቶፓስካል በወረደ ቁጥር የባሕሩ ገጽ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ ከባሕር ወደ ምድር የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ ሲታከልበት ውሃው ሰንጠረዡ ከሚለው በላይ ቀድሞም ከፍ ብሎም ይመጣል።

የውሃው ፍጥነትም እኩል አይደለም። ሙላቱን በስድስት ሰዓት ከፍላችሁ ስታዩት በመጀመሪያው ሰዓት ከአሥራ ሁለቱ አንድ እጅ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሦስት ሦስት፣ ከዚያ ሁለት፣ በመጨረሻም አንድ እጅ ይገባል። ልዩነቱ 6 ሜትር በሆነበት ዳርቻ በመጀመሪያው ሰዓት ውሃው ግማሽ ሜትር ብቻ ከፍ ይላል፤ በሦስተኛው ሰዓት ግን አንድ ሜትር ተኩል። ሰው የሚዘናጋው በዚህ ነው፦ የመጀመሪያው ሰዓት ዝግታ ያታልለዋል። በተጨማሪም ውሃው ከፊት ለፊት ብቻ አይመጣም፤ ጭቃው ውስጥ ያሉት ቦዮች ከጀርባ ቀድመው ይሞላሉ። ስለዚህ አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ሳይኖር ወደ ጭቃ ሜዳ መግባት አይገባም፤ ከገባችሁም መመለስ ያለባችሁ ባሕሩ መሙላት ሲጀምር ሳይሆን ገና እየጎደለ ሳለ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ለወፍ መመልከቻ ጭቃ ውስጥ መግባት ብዙም አያስፈልግም።

ሁሉም ባሕር እንዲህ አይደለም። በሜዲትራኒያንና በቀይ ባሕር መካከለኛ ክፍል የሙላትና የጉድለት ልዩነት እጅግ ትንሽ ነው። እዚያ ጭቃውን የሚገልጠውና የሚሸፍነው በአብዛኛው ነፋስ ነው፤ ከምድር ወደ ባሕር ሲነፍስ ውሃው ይሸሻል፣ ሲገለበጥ ይመለሳል። በእንዲህ ያለ ዳርቻ ከሙላት ሰንጠረዥ ይልቅ የነፋስ ትንበያ ይጠቅማል።

የመቀመጫ ቦታ ምርጫ በብርሃን ይወሰናል። ፀሐይ ከጀርባችሁ ትሁን። ወደ ምዕራብ የሚያይ ዳርቻ ጠዋት ይመቻል፣ ወደ ምሥራቅ የሚያየው ከሰዓት በኋላ። ከሙላቱ ሰዓት ጋር ሁለቱ የሚገጥሙበት ቀን በወር ውስጥ ጥቂት ነው፤ ቀኑን በሰንጠረዥ ፈልጋችሁ ለዚያ ቀን ዕቅድ ያዙ። በአሸዋ ኮረብታ ጫፍ ላይ አትቁሙ፤ የሰው ጥላ በሰማይ ላይ ተስሎ ከሩቅ ያስፈራል። ከኮረብታው ወገብ ላይ፣ ጀርባችሁን ለሣሩ ሰጥታችሁ ተቀመጡ። የተቀመጠ ሰው ከቆመ ሰው ያነሰ ያስፈራል፤ ነፋስም መነጽሩን አያንቀጠቅጥበትም።

ስለ መሣሪያ ብዙ አልልም። 8 በ42 የሚባለው ባይኖኩላር፣ ማለትም ስምንት ጊዜ የሚያቀርብና የፊት መስታወቱ 42 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ለሁሉም ይበቃል፤ 12 ጊዜ የሚያቀርብ በእጅ ሲያዝ ስለሚንቀጠቀጥ ለባሕር ዳርቻ ነፋስ አይመረጥም። ቴሌስኮፕ ካለ የፊት መስታወቱ ከ65 እስከ 85 ሚሊ ሜትር ቢሆን መልካም ነው፤ ማቆሚያው ከባድና ዝቅ ብሎ የተተከለ ይሁን። እኩለ ቀን ላይ አሸዋው ሲግል ምስሉ እንደ ውሃ ይርገበገባል፤ ያን ጊዜ ማጉላቱን ወደ 60 መጨመር ርግብግቡንም አብሮ ያጎላዋል። ወደ 25 ወይም 30 መልሱት። የማታዩበትን ዓይን ከመጨፈን በእጅ ወይም በኮፍያ ጠርዝ መሸፈን ይሻላል፤ ጨፍኖ የቆየ ዓይን ፊትን ያደክማል። ጨው ያረፈበትን መስታወት በደረቅ ጨርቅ አትሹ፤ መጀመሪያ አሸዋውን በአየር አራግፉ፣ ቀጥሎ በንጹሕ ውሃ በራሰ ለስላሳ ጨርቅ ጨውን አሟሙ፣ መጥረግ ከዚያ በኋላ ነው። ብዙ ጥሩ መነጽር የተበላሸው በወፍ ሳይሆን በጥራጊ ነው።

ወፉን ለማወቅ ከቀለሙ በፊት አበላሉን እዩ። ፕሎቨር የሚባሉት ምንቃራቸው አጭር፣ ዓይናቸው ትልቅ ነው፤ ይሮጣሉ፣ ድንገት ይቆማሉ፣ አንዴ ይለቅማሉ፣ እንደገና ይሮጣሉ፤ በዓይን ነው የሚያድኑት። ደንሊንና ዘመዶቹ እንደ ልብስ ስፌት መርፌ ጭቃውን ይወጋጋሉ፤ የምንቃራቸው ጫፍ ይዳስሳል። ከርሊው ወደ ታች በጎበጠው ረጅም ምንቃሩ ሌሎቹ የማይደርሱበትን የጥልቁን ትል ያወጣል። ተርንስቶን ድንጋይና የባሕር አረም ይገለብጣል። ሳንደርሊንግ ደግሞ ነጭና ትንሽ ነው፤ ሞገዱ ሲመለስ ይከተለዋል፣ ሲመጣ ይሸሸዋል፤ የኋላ ጣት የለውም፣ በጠንካራ እርጥብ አሸዋ ላይ ለመሮጥ የተሠራ እግር ነው። የቀይ ባሕርና የሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ የራሱ ወፍ አለው፦ ክራብ ፕሎቨር፣ ነጭና ጥቁር፣ ምንቃሩ ወፍራምና ጥቁር፣ ምግቡ ሸርጣን። ከዳርቻ ወፎች ሁሉ አሸዋ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ እንቁላሉን በምድሩ ሙቀት እንዲሞቅ የሚተው እሱ ነው።

አበላሉ ቤተሰቡን ሲነግራችሁ፣ ላባው ዕድሜውን ይነግራችኋል። በመስከረም የምታዩት ወጣት ወፍ ላባው ሁሉ በአንድ ጊዜ የበቀለ ስለሆነ እኩልና ንጹሕ ነው፤ የየላባው ጠርዝ ፈዛዛ ሆኖ ጀርባው የዓሣ ቅርፊት ይመስላል። ትልቁ ወፍ ግን ግማሹ ላባ ያረጀና የተበላ፣ ግማሹ አዲስ ግራጫ ነው፤ የተጣፈ ልብስ ይመስላል። ይህን መለየት የሚያስፈልገው ለጌጥ አይደለም። ወጣቶቹ ከወትሮው ያነሱበት ዓመት በሰሜን ያለው የመራቢያ ወቅት መክሸፉን ይጠቁማል፤ ከዳርቻ ላይ ተቀምጦ የአርክቲክን ወሬ መስማት ማለት ነው። ስለ መጠን ግን ተጠንቀቁ፤ ባዶ ጭቃ ላይ ብቻውን የቆመ ወፍ ትልቅ ይሁን ትንሽ ዓይን አይፈርድም። አጠገቡ የምታውቁት ወፍ እስኪመጣ ጠብቁና ከእሱ ጋር አነጻጽሩት።

መቁጠር የራሱ ሙያ ነው፤ የምልከታ እውነተኛ ጥቅም ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። አንድ በአንድ የሚቆጠረው እስከ ጥቂት መቶ ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን 50 ወፍ በትክክል ቁጠሩ፣ በመነጽሩ ውስጥ ምን ያህል ቦታ እንደያዙ ልብ በሉ፣ ያንን ቦታ እንደ መስፈሪያ ይዛችሁ በመንጋው ላይ ከዳር እስከ ዳር አስኪዱት። 30 መስፈሪያ ከሞላ 1,500 ነው። የሚያሳስተው መንጋው መሐሉ ላይ የተጨናነቀ፣ ዳሩ ላይ የሳሳ መሆኑ ነው፤ ለመሐሉ ሌላ መስፈሪያ አውጡ። መንጋው የተቀላቀለ ከሆነ ጠቅላላውን አስቀድማችሁ ቁጠሩ፤ ቀጥሎ በቴሌስኮፕ ከዳር እስከ ዳር እየዘለላችሁ 100 ወፍ በየዝርያው መዝግቡ። ከ100ው 70ው ደንሊን ከሆነ ከ1,500ው 1,050 ገደማ ደንሊን ነው። ሁለት ሰዎች ካላችሁ ቁጥራችሁን ሳትነጋገሩ ለየብቻ ጻፉ፤ አስቀድሞ የተነገረ ቁጥር የሌላውን ዓይን ይጎትታል። የሰው ዓይን ትልቅ መንጋን ወደማሳነስ ያዘነብላል፤ መንጋውን ፎቶ አንሥቶ ቤት ገብቶ ነጥብ በነጥብ መቁጠር ይህን ልማድ ያርማል። እንዲህ የተሰበሰበ ቁጥር ትልቅ ሥራ ይሠራል። ኔዘርላንድስን፣ ጀርመንንና ዴንማርክን የሚያዋስነው የዋደን ባሕር በየዓመቱ ከ10 እስከ 12 ሚሊዮን ወፍ እንደሚያስተናግድ የታወቀው በመቁጠር ነው፤ የኔዘርላንድስና የጀርመን ክፍሉ እ.ኤ.አ. በ2009 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብም አንዱ ማስረጃ ወፎቹ ነበሩ።

ከጭቃው ዓይናችንን አንሥተን ወደ ባሕሩ እንመልከት። በክፍት ባሕር የሚኖሩት ሺርዎተር፣ ስኩዋና ጋኔት ያለ ምክንያት ወደ ምድር አይጠጉም። ከባሕር ወደ ምድር ኃይለኛ ነፋስ ሌሊቱን ሲነፍስ ካደረ በማግስቱ ንጋት ላይ ተቀመጡ፤ ወደ ዳርቻ የተገፉት በባሕር ውስጥ ተሰክቶ በገባ ርእሰ ምድር አጠገብ እየታከኩ ይወጣሉ። ከፍታ ይጠቅማል፤ ዓይኑ ከውሃው 2 ሜትር ከፍ ያለ ሰው አድማሱ 5 ኪሎ ሜትር ላይ ነው፣ 20 ሜትር ላይ የተቀመጠ 16 ኪሎ ሜትር ያያል፤ ሞገድ ሥር የሚገባውም ወፍ ከላይ ሲታይ ቶሎ አይሰወርም። ቴሌስኮፑን በ30 ማጉላት ላይ አድርጋችሁ አድማሱን ከላይኛው ሲሶ አስገቡትና ቀስ ብላችሁ አንድ አቅጣጫ ብቻ ጥረጉ፤ ወፎቹ ከሚሄዱበት በተቃራኒ ብትጠርጉ ብዙ ታገኛላችሁ። ያያችሁትን ወፍ ቦታ ለጓደኛ ስትናገሩ «እዚያ፣ እዚያ» አይሠራም። የቆመ ምልክት በስሙ ጥቀሱ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ያለውን ርቀት በጡጫ ለኩ፤ ክንዱ ተዘርግቶ የተያዘ ጡጫ 10 ዲግሪ ገደማ ነው። ቀጥሎ ከአድማስ በታች ይሁን በላይ፣ ወዴት እንደሚሄድ ተናገሩ። ጋኔት እንደ ቀስት ክንፉን አጥፎ ሲወረወር ካያችሁ ቦታውን አትልቀቁ፤ ከሥሩ ዓሣ አለ፣ ዓሣ ባለበት ዶልፊን ወይም ዓሣ ነባሪም ሊኖር ይችላል። ዶልፊንና ትናንሾቹ ዘመዶቻቸው የሚታዩት ግን ነፋሱ በተኛበት ቀን ነው፤ ነጭ አረፋ ያለው ባሕር የጀርባቸውን ክንፍ ይደብቃል። ለወፍ የሚመቸውና ለዶልፊን የሚመቸው ቀን የተለያዩ ናቸው።

ንስር፣ ጭልፊትና ሽመላ በሌላ ሕግ ይሄዳሉ። ትላልቆቹ ክንፋቸውን ዘርግተው የሚጓዙት ከሞቀ ምድር ሽቅብ በሚወጣ አየር ነው፤ በባሕር ላይ ደግሞ ይህ አየር አይገኝም። ስለዚህ ሰፊውን ባሕር ዞረው በጠባቡ ይሻገራሉ፦ በጅብራልታር፣ 14 ኪሎ ሜትር በሚሆነው፤ በቦስፎረስ፤ በቀይ ባሕር ጫፍ ደግሞ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነው ባብ ኤል መንደብ። እ.ኤ.አ. በ1987 መፀው በጅቡቲ በኩል ቆመው የቆጠሩ ተመልካቾች ከየመን ሲሻገሩ ከ240 ሺህ በላይ አዳኝ ወፎች መዝግበዋል፤ ብዙዎቹ ባዛርድ የሚባሉትና የስቴፕ ንስሮች ነበሩ። በጥቁር ባሕር ዳርቻ በባቱሚ፣ ጆርጂያ፣ በመፀው የሚያልፉት ከአንድ ሚሊዮን ይበልጣሉ፤ እዚያ ባሕሩና ተራራው ያጠበቡት መንገድ ነው የሚሰበስባቸው። እነዚህን ለማየት ንጋት ላይ መነሣት አያስፈልግም። ምድሩ እስኪሞቅ፣ ፀሐይ ከወጣች ሁለትና ሦስት ሰዓት እስኪሆን ይጠብቃሉ። ጥርት ባለ ሰማያዊ ሰማይ ላይ ከፍ ብሎ ያለ ንስር በዓይን አይያዝም፤ የደመናን ጠርዝ ተከትላችሁ ፈልጉ፣ መነጽራችሁም ወደ ፀሐይ እንዳይሄድ ተጠንቀቁ፤ ዓይን ያጠፋል። ስትቆጥሩ በሞቀው አየር ውስጥ እየዞሩ የሚወጡትን ተዉአቸው፤ ሁለት ጊዜ ትቆጥሯቸዋላችሁ። ከአናቱ ላይ ደርሰው በመስመር ሲንሸራተቱ ነው መቁጠር። በመፀው የሚራብም አዳኝ አለ፦ የኤሌኖራ ጭልፊት በሜዲትራኒያን ገደሎች ላይ ጫጩቶቹን ሆን ብሎ አዘግይቶ ይፈለፍላል፤ በባሕሩ ላይ የሚያልፉት ትናንሽ ፍልሰተኛ ወፎች ለጫጩቶቹ ቀለብ እንዲሆኑለት።

እነዚያ ትናንሽ ወፎች በብዛት የሚጓዙት በሌሊት ነው። በሌሊት ጥርት ብሎ ጀምሮ ንጋት ላይ ዝናብና የፊት ነፋስ ከመጣ ወደ መጀመሪያው ምድር ይወርዳሉ፤ በዳርቻው ያለ እያንዳንዱ ቁጥቋጦ ወፍ ይሞላል። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ያሉትን ሁለት ሰዓታት፣ ነፋስ የማይነካውን የቁጥቋጦ ወገን ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። ቁጥቋጦውን አትነቅንቁ። ባሕር ተሻግሮ የደረሰ ወፍ ከእግራችሁ ሥር እየለቀመ ካልሸሻችሁ፣ ስላልፈራ ሳይሆን አቅም ስላጣ ሊሆን ይችላል። ለፎቶ አንድ እርምጃ መጨመር ለእሱ ውድ ነው።

ስለ መጠጋት መለኪያው ርቀት ብቻ አይደለም፤ ወፉ ራሱ ይናገራል። መጀመሪያ አንገቱን ያቀናል፣ መብላት ያቆማል፤ ቀጥሎ ከእናንተ ራቅ እያለ ይራመዳል፤ ከዚያ ይጮኻል፣ በመጨረሻም ይነሣል። ማቆም ያለባችሁ በመጀመሪያው ምልክት ላይ ነው፤ ሲነሣማ ጉዳቱ ደርሷል። ለሙላት ማረፊያ ከ200 ሜትር ወዲህ አትጠጉ። ውሻ በገመድ ይያዝ፤ በመንጋ ላይ ድሮን አይነሣ፤ ከላይ የሚመጣ ነገር ሁሉ ለወፉ ጭልፊት ነው።

በሰሜን ምሥራቅ አትላንቲክ ዳርቻዎች መፀው የአቆስጣ፣ ማለትም ሲል የሚባለው የባሕር አጥቢ እንስሳ፣ መውለጃም ነው። ግራጫው አቆስጣ በዚህ ወቅት ነጭ ጸጉር ያለው ግልገል ይወልዳል፤ ሲወለድ 14 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፣ በ18 ቀን ጡት ክብደቱ ሦስት እጥፍ ይሆናል። ሰዎች ብቻውን አሸዋ ላይ የተኛ ግልገል ሲያዩ እናቱ የጣለችው ይመስላቸውና ወደ ባሕር ይገፉታል። ከዚህ የከፋ ነገር የለም፤ ነጩ ጸጉሩ ለመዋኛ አልተሠራም፣ እናቱም ብዙ ጊዜ ከሞገዱ ውስጥ ሆና ሰዎቹ እስኪሄዱ እየጠበቀች ነው። 100 ሜትር ራቁ፤ በእሱና በባሕሩ መካከል አትቁሙ። ቁስለኛ ከመሰላችሁ ለአካባቢው የእንስሳት አዳኝ አገልግሎት ደውሉ እንጂ አትንኩት፤ ንክሻው ይመረቅዛል።

የሞተ ወፍም በእጅ አይነካም፤ የወፍ ጉንፋን ተሐዋሲ በውሃ ወፎች ዘንድ ይዘዋወራልና። ቦታውን፣ ዝርያውንና ብዛቱን መዝግባችሁ ለሚመለከተው አካል አሳውቁ። እግሩ ላይ ቀለበት ካለ ሳትነኩት ፎቶ አንሡ። ወፍን በቁጥር ቀለበት ምልክት ማድረግ እ.ኤ.አ. በ1899 ዴንማርካዊው ሐንስ ክርስቲያን ሞርተንሰን በአሉሚኒየም ቀለበት ከጀመረው ወዲህ የፍልሰት መንገዶች በብዛት የታወቁት በዚህ ነው። ዛሬ የዳርቻ ወፎች ከብረቱ ሌላ ባለ ቀለም ቀለበትና ፊደል ያለበት ትንሽ ባንዲራ ስለሚታሰርላቸው በሕይወት ሳሉ ከሩቅ በቴሌስኮፕ ይነበባሉ። አጻጻፉ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ግራና ቀኝ የሚባለው የወፉ ግራና ቀኝ ነው፤ ፊት ለፊት ሲቆም ከእናንተ ይገለበጣል። ከጉልበት የሚመስለው መገጣጠሚያ በላይ ይሁን በታች፣ ከላይ ወደ ታች በቅደም ተከተል የየቀለበቱን ቀለም ጻፉ። ነጭና ፈዛዛ ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቀይ በፀሐይ የነጣ ጊዜ ይምታታሉ፤ ወፉ ዞሮ ሌላው ጎኑ እስኪታይ ጠብቁ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ አብሮት የነበረውን መንጋ ብዛት አክሉ። ከፊደሎቹ አንዱ ካልተነበበላችሁ በቦታው የጥያቄ ምልክት አስቀምጡ፤ በግምት አትሙሉት። በጥያቄ ምልክት የቀረውን ነገ ሌላ ተመልካች ሊያሟላው ይችላል፤ በግምት የተሞላው ግን ሌላ ወፍን፣ ምናልባትም ከዓመታት በፊት የሞተን፣ በሌለበት ዳርቻ ላይ ያስመዘግባል።